ከጾም የተረፈው የማን ድርሻ ነው?

ጾም በኦርቶዶክሳውያን ቤት ከሚታወቁት የሃይማኖት ምልክቶች አንዱና ዋናው ነው። ሕፃናት ፊደል ሳይቆጥሩ እንኳ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ መሆኑን ከእናታቸው ወጥ ቤት ያውቁታል። ነገር ግን ስለ ጾም በየቤታችን ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ምን ይበላል፣ ምን አይበላም፣ እስከ ስንት ሰዓትስ ይጾማል የሚለውን ነው። እነዚህ ጥያቄዎች አስፈላጊ መሆናቸውን የሚክድ የለም፤ ሥርዓት ያለ ወሰን አይጸናምና። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት የነበሩት ክርስቲያኖች ከእነዚህ ከሦስቱ ጋር አንድ አራተኛ ጥያቄ ነበራቸው። ይኸውም በጾም ምክንያት ከማዕዳችን የቀረው ምግብ፣ ከእጃችንም ሳይወጣ የተረፈው ገንዘብ የማን ድርሻ ነው የሚለው ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህ አራተኛው ጥያቄ ከብዙዎቻችን ቤት እየጠፋ የሄደ ስለ መሰለን፣ የቀደሙት አባቶችና እናቶች እንዴት ይመልሱት እንደ ነበረ ጥቂት ልናስታውስ ወደድን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የረቡዕና የዓርብ ጾም

ረቡዕንና ዓርብን መጾም የቅርብ ዘመን ልማድ አይደለም። ዲዳኬ ወይም የሐዋርያት ትምህርት በመባል የሚታወቀውና በ1ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወይም በ2ኛው መጀመሪያ ገደማ የተጻፈው አነስተኛ መጽሐፍ፣ ክርስቲያኖች በእነዚህ በሁለቱ ቀናት እንዲጾሙ ያዝዛል። ይህ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ከቆየ በኋላ፣ በ1873 ዓ.ም. ፊሎቴዎስ ብርዬንዮስ የተባሉ የግሪክ ሊቅ በቍስጥንጥንያ ከነበረ አንድ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ውስጥ አግኝተውት በ1883 ዓ.ም. አሳተሙት። እንግዲህ ዛሬ በቤታችን ሳምንቱን የሚከፍለው ሥርዓት የ1,900 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ነው ማለት ነው። ያው መጽሐፍ ስለ ጾም እንዳዘዘ ሁሉ፣ ችግረኛውን ፊት መንሣት እንደማይገባና ያለንን ከወንድማችን ጋር መካፈል እንደሚገባን ያስተምራል። በዚያን ዘመን የጾም ትእዛዝና የመካፈል ትእዛዝ በአንድ አፍ ይነገሩ ነበር።

የሄርማ ምክር

ጉዳዩን ከሁሉ ይልቅ ግልጽ አድርጎ የተናገረው በ2ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ እኩሌታ በሮም ከተማ የተጻፈው የሄርማ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ወደ ግእዝ ተተርጕሞ በአገራችን ይነበብ ነበር፤ የግእዙም ንባብ በ1860 ዓ.ም. በጀርመን አገር በላይፕዚግ ታትሟል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሄርማ ስለ ጾም ሲማር የተሰጠው ምክር እንዲህ ያለ ነው። መጀመሪያ ራሱን ከክፉ ንግግርና ከክፉ ምኞት እንዲጠብቅ፣ ልቡንም እንዲያነጻ ይነገረዋል። ቀጥሎም በሚጾምበት ቀን ከእንጀራና ከውኃ በቀር ሌላ እንዳይቀምስ፣ በዚያም ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ ሰው እንዲሰጥ ይታዘዛል። ይህም ለእርሱ ብቻ የተሰጠ ትእዛዝ አይደለም፤ ከልጆቹና ከመላው ቤተ ሰቡ ጋር እንዲፈጽመው ተነግሮታል። ጾሙ የቤት ጾም፣ ስሌቱም የቤት ስሌት ነበር። የተቀበለው ድኻ ጠግቦ ስለ ሰጪው ወደ እግዚአብሔር ይጸልያልና፣ የአንዱ መራብ የሌላው መጥገብ፣ የአንዱም መጥገብ ለሌላው ጸሎት ሆኖ ይመለሳል።

ምናልባት ይህ ለባለጠጎች የተነገረ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አርስጢድስ የተባለው የአቴና ፈላስፋ ግን በዚያው በ2ኛው መቶ ዓመት ለሮም ንጉሥ ባቀረበው የክርስቲያኖች መከላከያ ጽሑፍ፣ በመካከላቸው ችግረኛ ቢገኝና እነርሱም የሚተርፍ ነገር ባይኖራቸው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጾመው ምግባቸውን ለዚያ ችግረኛ እንደሚሰጡ መስክሯል። እነዚህ ሰዎች ከትርፋቸው የሰጡ አይደሉም፤ ትርፍ ስላልነበራቸው በጾም ትርፍ ፈጠሩ። ከእኛም ዲድስቅልያ ጋር የሚዛመደው፣ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በሶርያ የተጠናቀረው የሐዋርያት ሥርዓት መጽሐፍ፣ ረቡዕንና ዓርብን ካዘዘ በኋላ ከጾሙ የተረፈው ለችግረኞች እንዲሰጥ ይደነግጋል።

ስጦታው እንዴት ይደርስ ነበር?

በጎ አሳብ ብቻውን የተራበ ሰው አያጠግብም። የጥንት ክርስቲያኖች የሰጡት ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ሳይሆን በሥርዓትም ጭምር ነበር። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ150ዎቹ ዓመታት ገደማ በሮም ሆኖ የእሑድን ጉባኤ ሲገልጽ፣ ንባቡና ትምህርቱ፣ ጸሎቱና ቍርባኑ ከተፈጸመ በኋላ ዲያቆናቱ ቍርባኑን መምጣት ላልቻሉት እንደሚያደርሱ፣ ያላቸውም ሰዎች እንደ ፈቃዳቸው የሰጡት ገንዘብ በጉባኤው መሪ ዘንድ እንደሚቀመጥ ይነግረናል። ከዚያም ገንዘብ የሙት ልጆች፣ መበለቶች፣ በሽተኞች፣ እስረኞችና እንግዶች ይረዱ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ የዚህ ሥርዓት ስፋት በቍጥር ሊታይ ቻለ። የሮም ኤጲስ ቆጶስ ቆርኔሌዎስ በ251 ዓ.ም. ወደ አንጾኪያ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቤተ ክርስቲያኑ 46 ቀሳውስት፣ 7 ዲያቆናትና 7 ንፍቀ ዲያቆናት፣ ከእነርሱም በታች ወደ መቶ የሚጠጉ ሌሎች አገልጋዮች እንዳሏት፣ ከ1,500 በላይ መበለቶችንና ችግረኞችንም እንደምትመግብ ገልጿል። ተረጂዎቹ ከአገልጋዮቹ ዐሥር እጥፍ ያህል ነበሩ። ይህ የሆነው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ተዝናንታ በምትኖርበት ወራት አልነበረም፤ ንጉሡ ዳክዮስ ያስነሣው ስደት ገና በ250 ዓ.ም. አልፎባት ነበር። ስደቱ ገበታዋን ለማጠፍ ምክንያት አልሆናትም።

የአባቶች ተግሣጽ

ስደቱ አልፎ ክርስቲያኖች በሰላም መኖር በጀመሩ ጊዜ ግን ሌላ ፈተና መጣ። ጾሙ ሳይቀር የጾሙ ፍሬ መጕደል ጀመረ። በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውጉስጢኖስ፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ትተው በምትኩ እንግዳና ውድ የሆነ ምግብና መጠጥ የሚፈልጉትን ሰዎች፣ ምቾታቸውን ለወጡት እንጂ አልቀነሱትም ብሎ ይገሥጻቸው ነበር። ለራስ የተከለከለውም ለድኻ እንዲተርፍ አጥብቆ ያስተምር ነበር።

ቅዱስ ባስልዮስም ገና ቄስ ሳለ፣ በ368 እና በ369 ዓ.ም. ቀጰዶቅያን ድርቅና ረኃብ በመታት ጊዜ፣ ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጠጎች በስብከቱ አስከፈታቸው፤ የተራቡትንም ሰብስቦ በገዛ እጁ መገባቸው። የጾምን ክብር የሰበከው አንደበትና ለረኃብተኛው ወጥ ያቀረበው እጅ የአንድ ሰው ነበሩ።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ387 ዓ.ም. በአንጾኪያ ባሰማው የዐቢይ ጾም ትምህርት፣ አፍ ብቻ ሳይሆን ዓይንም፣ ጆሮም፣ እግርም፣ እጅም መጾም እንደሚገባቸው አስተምሯል፤ ከሥጋ ተከልክሎ ወንድሙን በሐሜት የሚነክስ ሰው ምን ይጠቅመዋል ሲል ነው። በዚያች ከተማ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን በዘመኑ 3,000 መበለቶችንና ደናግልን በመዝገብ ይዛ ትረዳ እንደ ነበረም እርሱው ይነግረናል። ይኸው አባት ለቤተ ሰብ የሚሆን አንድ ቀላል ምክር ትቶልናል። በየቤታችን በምንጸልይበት ስፍራ ለድኾች የሚሆን ትንሽ ሣጥን እንድናኖርና ለጸሎት በቆምን ቍጥር አስቀድመን ምጽዋታችንን በዚያ እንድናስቀምጥ መክሯል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰምተን ወደ ገዛ ወጥ ቤታችን እንመልከት። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ተልባው የእናቶቻችን ጥበብ ነው፤ አይነቀፍም። ነገር ግን ዛሬ በከተሞቻችን የጾም ኬክና የጾም ፒዛ ሳይቀር በገበያ ይገኛል፤ በአንዳንድ ቤትም የጾም ወራት ወጪ ከፍስኩ ወጪ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሕጉ ተጠብቋል፤ ከሥጋና ከወተት ተከልክለናል። ነገር ግን ከማዕዳችን አንዳች ነገር ካልጐደለ፣ ለድኻው የሚደርሰው ከወዴት ይመጣል?

ስለዚህ የሄርማን ስሌት በየቤታችን ብንሠራው መልካም ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት በፍስክ ወራት ለሥጋ፣ ለወተት፣ ለቅቤና ለእንቍላል በሳምንት 1,000 ብር ያወጣል እንበል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ወደ ስምንት ሳምንት ነውና 8,000 ብር ገደማ ሳይወጣ ይቀራል። የዚህ እኩሌታ ለዘይት፣ ለአትክልትና ለጥራጥሬ ቢውል፣ 4,000 ብር ይተርፋል። ቍጥሩ እንደየቤቱ ይለያያል፤ የኑሮ ውድነትም ስሌቱን ያጠበዋል። አስልቶ ምንም እንዳልተረፈው ያወቀ ሰው በደል የለበትም። የሚያስወቅሰው ሳያሰሉ መቅረት ነው፤ ያልተሰላ ትርፍ ሳይታወቅ ተመልሶ ወደ ራሳችን ሆድ ይገባልና። ገንዘብ የሌለውም ቢሆን ከጾሙ የሚተርፍ ጊዜ አለው፤ በሽተኛ መጠየቅ፣ አቅመ ደካማ ጎረቤትን ውኃ መቅዳት ወይም ልብስ ማጠብ ከምጽዋት የሚያንስ አይደለም።

ከውጭ ወዳለው ድኻ ከመሄዳችን በፊት ደግሞ በገዛ ጣሪያችን ሥር ያለውን ሰው እናስብ። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ፣ እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ሰዎች ወቅሷል። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን ስንመለስ የምንበላውን ያዘጋጀችልን የቤት ሠራተኛ፣ እርስዋስ በስንት ሰዓት በላች? ቅዳሴ ለማስቀደስስ ጊዜ ሰጠናት? ደመወዝዋ በቀኑ ተከፍሏታል? ይህ ሳይስተካከል የምንሰጠው ምጽዋት፣ ከአንዱ ነሥቶ ለሌላው መስጠት እንዳይሆንብን ያሠጋል።

አንዳንድ የሥራ መንገድ

አንደኛ፣ የዮሐንስ አፈወርቅን ምክር ተከትለን በቤታችን በጸሎት ስፍራ ትንሽ ሙዳየ ምጽዋት እናኑር። ልጆችም በእጃቸው ይጨምሩበት፤ ጾም ማለት ምግብ መከልከል ብቻ ሳይሆን ለሌላው ማካፈልም መሆኑን ከቃል ይልቅ በዚህ ይማራሉ።

ሁለተኛ፣ የተጠራቀመውን የት እንደምናደርስ አስቀድመን እንወስን። ሰንበቴና ማኅበር ያለው ሰው መንገዱ ቀና ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ለነዳያን የሚቀርበው ጠበልና ጸሪቅ ከጥንቱ መንፈስ የወረስነው ሀብት ነውና በጾም ወራት እናጠንክረው። ከዚህም ጋር ለመለመን የሚያፍረውን ጎረቤት አንርሳ፤ እርሱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ስንሰጥ በስውር ይሁን። ዛሬ የተቀባዩን ፊት በስልክ ፎቶግራፍ እያነሡ ለሕዝብ ማሳየት ተለምዷል። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ግራችን የቀኛችንን ሥራ እንዳታውቅ ሲያስተምረን፣ የሰጪውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የተቀባዩንም ክብር ጠብቆለታል።

አራተኛ፣ የጾሙን ልክ በራሳችን ግምት አናክብደው። ለበሽተኛ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት የሚገባውን የንስሐ አባት ያውቀዋልና ምክሩን እንጠይቅ። መጾም ያልቻለም ሰው ከመስጠት አልተከለከለም።

ወገኖቻችን ሆይ፣ የቀደሙት ክርስቲያኖች ከእኛ የተለየ ሥጋ አልነበራቸውም፤ እኛን የሚርበን እነርሱንም ይርባቸው ነበር። ረኃባቸውን ግን ብቻውን አልተዉትም፤ ወደ ሌላው ረኃብ የሚያደርስ መንገድ አደረጉት። እኛም የእነርሱን ቀናት ወርሰናል፤ የእነርሱን ስሌት ግን ገና አልወረስንም። ይህን ለመጀመር ዐቢይ ጾምን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የፊታችን ረቡዕ ይበቃል። በዚያ ቀን ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት የቤቱ አባወራና እማወራ ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ዛሬ ምን ተረፈ፣ ለማንስ ይድረስ ብለው ይጠይቁ። ጾማችንን ለተራበው እንጀራ፣ ለእኛም በረከት እንዲያደርግልን የአምላካችን ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።