ሁለት መርፌና አንድ ልቃቂት፦ ከእጅ ሹራብ ጋር ትውውቅ

ሸማ ከድርና ከማግ ይሠራል። ድሩ በቁመት ይወጠራል፣ ማጉ በመወርወሪያ እየተመላለሰ በወርድ ይገባል፤ ጋቢውም ነጠላውም የሁለቱ ጥልፍልፍ ነው። ሹራብ ግን ድርም ማግም የለውም። አንድ ክር ቀለበት ይሆናል፣ አዲሱ ቀለበት በቀደመው ውስጥ ያልፋል፣ ጨርቁም እንዲህ ረድፍ በረድፍ ያድጋል። መጀመሪያ ተሠርቶ ኋላ በመቀስ የሚቆረጥ ነገር የለም፤ ጨርቁም ልብሱም አብረው ነው የሚወለዱት። አንገቱ የት ይጥበብ፣ ብብቱ የት ይከፈት፣ እጅጌው ምን ያህል ይርዘም የሚለውን የሚወስነው መርፌውን የያዘው ሰው ነው። ይህ ሙያ በትርፍ ጊዜዬ ለዓመታት አብሮኝ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፊትና ጀርባ

ሥራው ሲጠቃለል ሁለት እንቅስቃሴ ነው። በመጀመሪያው ክሩ ከኋላ ይያዝና አዲሱ ቀለበት ወደ ፊት ይወጣል፤ በሁለተኛው ክሩ ከፊት ይያዝና ቀለበቱ ወደ ኋላ ይገባል። አንዱን ፊት፣ ሌላውን ጀርባ እንበላቸው፤ ምክንያቱም የአንዱ ፊት የሌላው ጀርባ ነው። ሹራብ ለብሰው ከሆነ ደረቱን ጠጋ ብለው ይዩት፦ ታቹ ሾል ያለ «ሀ» የሚመስሉ ትንንሽ ቀለበቶች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። ገልብጠው ውስጡን ቢያዩ ደግሞ አግድም የሚሄዱ እብጠቶችን ያገኛሉ። ሁለት ፊት፣ ሁለት ጀርባ እየተባለ ሲፈራረቅ ጨርቁ ይሰበሰባል፤ ሲስቡት ይሰፋል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የእጅጌና የካልሲ አፍ የሚሠራው እንዲህ ነው።

እኛ አገር ከሹራብ ይልቅ ኪሮሽ በየቤቱ ይታወቃል። ጠረጴዛና ሶፋ የሚያለብሰው ዳንቴል የብዙ እናቶች የእጅ ሥራ ነው። ኪሮሽ ጫፉ ቆልመም ያለ አንድ መርፌ ብቻ ስለሆነ በማንኛውም ጊዜ ክፍት የሚሆነው ቀለበት አንድ ነው። በሹራብ ግን የረድፉ ቀለበት ሁሉ፣ መቶም ይሁን ሁለት መቶ፣ መርፌው ላይ ተሰድሮ ተራውን ይጠብቃል። በዚህ የተነሳ ኪሮሽ ጠጠር ብሎ ቅርጹን ይይዛል፤ ሹራብ ደግሞ ተለጣጭ ሆኖ ገላን ይከተላል።

ከግብፅ እስከ ኖቲንግሃም

በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ጥንድ ቀይ የሱፍ ካልሲ አለ። የተገኘው ግብፅ ውስጥ ኦክሲሪንኩስ ከተባለ ጥንታዊ ከተማ ነው፤ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተሠራም ይገመታል። በሰንደል ጫማ እንዲለበስ አውራ ጣቱ ለብቻው ተከፍሏል። ይህ ካልሲ የተሠራው በአንድ መርፌ ክሩን እስከ ጫፉ በየቀለበቱ እያሾለኩ በመሆኑ የሹራብ ታላቅ ነው እንጂ ራሱ ሹራብ አይደለም። ቀደምት ከሚባሉት እውነተኛ የሹራብ ሥራዎች መካከልም የታወቁት እዚያው ግብፅ የተገኙ፣ ከ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የተሠሩ፣ ነጭና ሰማያዊ ጌጥ ያላቸው የጥጥ ካልሲዎች ናቸው።

ሙያው አውሮፓ ሲደርስ በከተሞች የወንዶች ሥራ ሆነ። ሠራተኞቹ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ወጣቱም ባለሙያ የሚባለው ለዓመታት ተምሮና ተፈትኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1589 በእንግሊዝ የኖቲንግሃም አካባቢ ሰው የሆነው ዊልያም ሊ የካልሲ መሥሪያ ማሽን ፈለሰፈ። ቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ድሆች እንጀራቸውን ያጣሉ ብላ ፈቃድ እንደከለከለችው ይነገራል። ሊ ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ ማሽኑ ግን ከእሱ በኋላ ተስፋፋ፤ ዛሬ የምንለብሰው ሹራብና ካናቴራ ሁሉ የዚያ ሐሳብ ዘር ነው። እውነተኛ ኪሮሽ በአንጻሩ እስከ አሁን በእጅ ብቻ ነው የሚሠራው።

እንግዲህ በእጅ ሹራብ የሚሠራ ሰው ዛሬ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ አይደለም የሚቀመጠው። ጥሩ ክር ብቻውን ከተሠራ ሹራብ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የሚፈለገው በራስ ልክ የተሠራ ልብስና በእጅ ሥራ የሚያልፍ ረጋ ያለ ጊዜ ነው።

የቦርሳ ሥራ፦ ካልሲ

ሹራብ የሚወድ ሰው ቤት አንድ ሥራ ብቻ ተጀምሮ አይገኝም። እኔ ዘንድ ሦስት ዓይነት አለ፦ የቦርሳ፣ የማታ እና የስጦታ።

የቦርሳው ሥራ ብዙውን ጊዜ ካልሲ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ የታክሲ ሰልፍም የባንክ ወረፋም ይመቸዋል። ከእሱ ጋር ሜትር፣ ትንሽ መቀስ፣ ምልክት ማድረጊያ መርፌ ቁልፍና ማስታወሻ ደብተር ይዞራሉ። ለካልሲ የሚሆነው ክር ቀጭን ነው፤ 100 ግራሙ ወደ 400 ሜትር ይረዝማል። በአብዛኛው ሦስት አራተኛው ሱፍ፣ ቀሪው ናይለን ነው፤ ናይለኑ ተረከዙ ቶሎ እንዳያልቅ ይጠብቃል።

64 ቀለበት በአራት መርፌዎች ላይ፣ በእያንዳንዱ 16፣ ይከፈላል። በአምስተኛው መርፌ እየዞሩ ሲሠሩት ስፌት የሌለው ቱቦ ይወጣል። ሙያው የሚታየው ተረከዙ ላይ ነው። ግማሹ፣ 32ቱ ቀለበት፣ ያርፋል። በቀሪው 32 ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ አራት ማዕዘን የሆነ ቁራጭ ይሠራል። ከዚያ ረድፉን ሳይጨርሱ ከመካከል ይመለሳሉ፤ በየምላሹ ክፍተቱ ጋ ሁለት ቀለበት አንድ ይደረጋል። ጥቂት ረድፍ እንደተሄደ ጠፍጣፋው ጨርቅ በድንገት ይጎደጉድና ተረከዝ የሚያቅፍ ኪስ ይሆናል። ቀጥሎ ከቁራጩ ግራና ቀኝ አዲስ ቀለበት ይለቀማል፤ ትርፉ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ወደ 64 ይመለሳል፤ እስከ ጣት ድረስም ይወርዳል። አንድ ካልሲ ሲያልቅ ወደ 10,000 የሚጠጋ ቀለበት በእጅ አልፏል።

አንድ ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ ተረከዝ ስመልስ ከኋላዬ የቆሙ እናት አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኛ ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ይህንኑ ነበር የምንሠራው፤ እስቲ አምጪው» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ክሩን በአመልካች ጣታቸው ላይ ጠምጥመው፣ መርፌውን ሳያዩ፣ ረድፉን ጨርሰው መለሱልኝ። የእጃቸው ጥብቀት ከእኔ ረድፍ አይለይም ነበር። እጅ የለመደውን አይረሳም።

የማታ ሥራ፦ ከሰልባጅ የወጣ ክር

የማታው ሥራ ትልቅ ሹራብ ነው፤ ክሩም አዲስ አይደለም፤ ከሰልባጅ የተገዛ ሹራብ ተተርትሮ የወጣ ንጹሕ ሱፍ ነው። ሰልባጅ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው የውስጡ ስፌት ነው። ጎኑ ተቆርጦ በኦቨርሎክ ከተሰፋ ቢተረተር የተበጣጠሰ ክር ብቻ ይወጣል። ጠርዙ ሳይቆረጥ ከተሰፋ ግን ውስጡ ያልተቋረጠ ረጅም ክር አለ። ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ክር በክብሪት መለኮስ ይበቃል፦ ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ ሲነኩትም አመድ ይሆናል፤ አክሪሊክ ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል።

ስፌቱ ይፈታል፤ ሹራቡ ከተዘጋበት ጫፍ ጀምሮ ይተረተራል፤ ክሩ በወንበር መደገፊያ ላይ እየተጠመጠመ ቱባ ይሆናል። ቱባው አራት ቦታ ላላ ተደርጎ ይታሰራል። የተተረተረ ክር የቀለበቱን ቅርጽ ስለሚይዝ እንደተጠቀለለ ይቆያል። ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ፣ ሳይታሽ ወጥቶ፣ ታቹ ላይ ቀለል ያለ ነገር ተንጠልጥሎበት ሲደርቅ ይፍታታል። ሱፍ በሙቅ ውኃ ከታሸ ጠጉሩ ላይ ያሉት ቅርፊቶች እርስ በርስ ይነካከሱና ጨርቁ ይኮማተራል፤ ያ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ልብስ ከመጀመሩ በፊት የሙከራ ቁራጭ መሥራት ግዴታ ነው። መለኪያው በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ ነው። 22 ከሆነና ደረቱ 100 ሴንቲሜትር እንዲሆን ከተፈለገ 220 ቀለበት ያስፈልጋል። ነገር ግን እጅ ላልቶ በ10 ሴንቲሜትር 20 ብቻ ከሆነ ያው 220 ቀለበት 110 ሴንቲሜትር ይሰፋል። የሁለት ቀለበት ልዩነት ልብሱን ለሌላ ሰው ያደርገዋል።

እንግሊዝ ተወልዳ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን የኖረችው የሹራብ መምህርትና ጸሐፊ ኤልሳቤጥ ዚመርማን (1910–1999 እ.ኤ.አ.) ይህን ስሌት ለሁሉም ሰው ቀላል አድርጋዋለች። የደረቱን ቀለበት ብዛት መቶ በመቶ ትለዋለች፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይወጣል። የእጅጌው አፍ 20 በመቶ፣ የላይኛው ክንድ ሲሶ ያህል፣ አንገቱ 40 በመቶ ነው። በ220 ሲሰላ 44፣ 73 እና 88 ይመጣል። ይህን የያዘ ሰው የታተመ ንድፍ አይቸግረውም፤ ሜትርና እርሳስ ይበቁታል። ዚመርማን አንባቢዎቿን ያስተማረችው ትእዛዝ እንዲከተሉ ሳይሆን እንዲያስቡ ነው፤ የእጅ ሹራብ ትልቁ ክብርም ይህ ይመስለኛል።

የስጦታ ሥራ፦ ለአራስ ቤት

ሦስተኛው ሥራ ቀን የተቆረጠለት ነው፤ ዘመድ ወይም ጎረቤት ስትወልድ የሚደርስ የሕፃን ኮፍያና ካልሲ። ሕፃን ከራሱ ብዙ ሙቀት ያጣል። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ከእናታቸው ደረት ጋር ገላ ለገላ ተጣብቀው በሚታቀፉበት የካንጋሮ እንክብካቤም ኮፍያና ካልሲ ይለበሳሉ። ትንሽ ኮፍያ ጥቂት ክር ትፈልጋለች፤ ሥራዋም በጥቂት ምሽት ያልቃል።

ለሕፃን የክር ምርጫ ያስጨንቃል። ጥጥ አይኮሰኩስም፣ ለማጠብም ይቀላል፤ ግን እንደ ሱፍ አይለጠጥም፣ ሲረጥብ ይከብዳል። አክሪሊክ በሱቆቻችን በብዛት የሚገኝና ርካሽ ነው፤ እሳት ሲነካው ግን ስለሚቀልጥ ከምድጃ መራቅ አለበት። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ወስዶ እንኳ ርጥብነቱ አይሰማም፤ ለደጋ ብርድ አቻ የለውም። እኛም ሱፍ አለን። መንዝ ላይ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባናና በርኖስ ይሠራበታል። ሻካራ በመሆኑ ከሕፃን ገላ ይልቅ ለመደረቢያና ለምንጣፍ ይስማማል፤ ወፍራም የቤት ውስጥ ካልሲ ሲሠራበት ግን ብርድን ድል ይነሣል።

ለመጀመር

መጀመር የሚፈልግ ሰው 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥንድ መርፌ፣ ነጣ ያለ ቀለም ያለውና ለስላሳ መካከለኛ ክር ይያዝ፤ ጥቁር ክር ቀለበቱን ይደብቃል። መርፌ ከጠፋ ቀርከሃ ተልጎና በአሸዋ ወረቀት ለስልሶ ያገለግላል። በ20 ቀለበት አራት ማዕዘን ይሥሩ፤ ፊቱን ካወቁ ጀርባውን፣ ጀርባውን ካወቁ ሁለቱን ማፈራረቅ ይልመዱ። ቀጥሎ ኮፍያ፣ ከዚያ ካልሲ ይምጣ። የተበላሸ ረድፍ አያስደንግጥዎ፤ መርፌውን አውጥተው ይተርትሩት፤ ክሩ አይጎድልም።

ይህ ሙያ የሴት ብቻ አይደለም፤ በታሪኩም የሴት ብቻ ሆኖ አያውቅም። ወንዶች ልጆችም ቢማሩት መቁጠርን፣ መለካትንና መታገሥን በአንድነት ያገኛሉ። ከሁሉም በላይ ግን ሹራብ ከመጽሐፍ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ተምረው ያደጉ እናቶችና አክስቶች ዛሬም በየቤታችን አሉ። ልቃቂትና ሁለት መርፌ ይዛችሁ ጎናቸው ተቀመጡ፤ እነሱ እያሉ ተማሩ።