ዋዛ፦ ብዙዎች የሚካፈሉት ዜማ

ዋዛ በኢትዮጵያ በአሶሳና አካባቢዋ የሚኖረው የበርታ ሕዝብ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። የደረቁ ቅሎች ተቆርጠው እርስ በርስ እየተሰካኩ ረጅም መለከት ይሆናሉ። አንዱ መለከት በዋናነት አንድ ድምፅ ስለሚሰጥ፣ አጫጭርና ረጃጅም መለከት የያዙ ነፊዎች ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉ ዜማው ይሞላል፤ አንድ ሰው ከቀረ ዜማው ይጎድላል።

ይህን ከሌላ ጥበብ ጋር ብናነጻጽር፣ በሕንድ ክላሲካል ሙዚቃ እንደ ቢምሴን ጆሺ (እ.ኤ.አ. 1922–2011) ያለ ድምፃዊ ራጋ የተባለውን የዜማ ሥርዓት በራሱ ድምፅ እያሰፋ ያዜማል። የበርታ ነፊዎች ግን አንዱን ዜማ ይካፈሉታል። ሁለቱም ጥበቦች በጆሮ እየተሰሙ ከአንጋፋ ወደ ተተኪ ይተላለፋሉ።

በርታዎች በሱዳን ብሉ ናይል ግዛትም ስለሚኖሩ ዋዛ የሁለቱ አገሮች ቅርስ ነው። ይህ ጥበብ የሚቆየው ወጣቶች ከአንጋፋ ነፊዎች ጎን ቆመው ሲማሩት ነው።