መሬቱ የመንግሥት፣ እርከኑስ?

«መሬቱ የመንግሥት ከሆነ እኔ ምን መብት አለኝ?» ይህ ለእኛ ለሕግ ባለሙያዎች የማያልቅ ጥያቄ ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ እንዲህ ተከራከረ፦ ሰው የጉልበቱ ባለቤት ነውና ጉልበቱን ያፈሰሰበትም ነገር የእሱ ይሆናል። መንግሥት ይህን መብት ይጠብቃል እንጂ አይሰጥም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን ሎክን ለሁለት ከፍሎታል። አንቀጽ 10 ሰብአዊ መብት ከሰው ልጅ ተፈጥሮ ይመነጫል ይላል። አንቀጽ 40 ግን መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ይከለክላል፤ ንኡስ አንቀጽ 7 ደግሞ በጉልበት ወይም በገንዘብ ለተሠራ ቋሚ ነገር ሙሉ መብት ይሰጣል። ስለዚህ በሰሜን ተራሮች አካባቢ፣ በጃናሞራ ወረዳ ተዳፋት ላይ ድንጋይ ተለቅሞ የተካበው እርከን የገበሬው ነው፣ ገብሱ የሚበቅልበት አፈር ግን አይደለም። (ካቡን ከአፈሩ የሚለይ ዳኛ ካለ ላግኘው!)

ይህ ክፍፍል የሚፈተነው ሰው ከመሬቱ ሲነሣ ነው። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከዩኔስኮ በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ተሰረዘ። በፓርኩ ለሚኖረው ዋሊያ መልካም ነው። አንቀጽ 44 ለተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ይላል፤ አዋጅ 1161/2011ም ምትክ መሬት ላላገኘ ባለይዞታ ስሌቱን ወደ ዓመታዊ ገቢው 15 እጥፍ አሳድጓል። እኔን የሚከነክነኝ ግን የባለይዞታው ፈቃድ ነው፦ ሕጉ ዋጋ ይተምናል፣ ፈቃዱን ግን አይጠይቅም።

ሕጉ ፈቃድ መጠየቅ እስኪጀምር፣ ባለይዞታዎች፣ የይዞታ ደብተራችሁን ጠብቁ፤ እርከናችሁንና ዛፋችሁንም ፎቶ አንሡ።