ሳቁ የማን ነው?
ልጆቻችን በሚያዩት የትምህርት ቤት ኮሜዲ ውስጥ የሴትና የወንድ ድርሻ

ክረምት ገባ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ልጆች ቤት ዋሉ። የቦሩ ሜዳን የክረምት ብርድና ጭጋግ የምታውቁ፣ ልጅን "ውጭ ወጥተህ ተጫወት" ማለት ሁልጊዜ እንደማያዋጣ ታውቃላችሁ። ቀኑ የሚያልፈው ቴሌቪዥን ፊት ወይም ስልክ ላይ ተደፍቶ ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ፣ ከሚመለከቱት መካከል እነሱ "አኒሜ" የሚሉት የጃፓን ካርቱን አይጠፋም። ከአኒሜም ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች፣ የሚቆጣ አስተማሪና ሁሌ የሚያረፍድ ልጅ ያሉበት የትምህርት ቤት ኮሜዲ ብዙ ተመልካች አለው።

ወላጆች ስለ ካርቱን ስንጠይቅ "ድብድብ አለው? ነውር ነገር አለው?" እንላለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚህ ወር ግን አንድ ሌላ እንድትጨምሩበት ልጋብዛችሁ፦ በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ አለ? የሚያስቀውስ ማን ነው?

ጥያቄውን ያመጣችብኝ የእህቴ ልጅ ናት። ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው ያከራከሩበት ስፍራ ነው። ባለፈው ፋሲካ በእህቴ ግቢ የነበረው ክርክር ግን የልጆች ነበር። የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው ያዩትን ካርቱን ይተውናሉ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ሰነፉን፣ ፈተና የሚወድቀውን፣ እየተደናቀፈ የሚያስቀውን ተማሪ መሆን ፈለገች። "አይሆንም፤ እሱ ወንድ ነው። አንቺ ሴቷን ሁኚ" አሏት። መልሷ አጭር ነበር፦ "ሴቷ እኮ ምንም አታደርግም!"

አንዲት ብቻ ሴት

ልጅቷ ትክክል ናት። በዓለም ዙሪያ ከታወቁት የጃፓን ካርቱኖች አንዱ የሆነውን "ዶራኤሞን"ን እንውሰድ። ታሪኩ በኮሚክ መልክ መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት አምስት ናቸው፦ ሰነፉ ኖቢታ፣ ጉልበተኛው ጂያን፣ ጉረኛው ሱኔዮ፣ ድመት መሰሉ ሮቦት ዶራኤሞን፣ እና ሺዙካ። ከአምስቱ ሴቷ ሺዙካ ብቻ ናት። ወንዶቹ አንዱ ሰነፍ፣ አንዱ ጉልበተኛ፣ አንዱ ጉረኛ ሆነው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የሺዙካ ጠባይ ደግሞ "ጨዋና ጎበዝ ልጅ" መሆን ነው። ክብር ያለው ቦታ ነው፤ ቀልዱ ግን እዚያ ወንበር ላይ ብዙም አይቀመጥም።

ይህ የጃፓን ብቻ ጉዳይ አይደለም። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ካታ ፖሊት እ.ኤ.አ. በ1991 በጻፈችው ጽሑፍ፣ በልጆች ፕሮግራሞች ውስጥ ብዙ ወንዶች ተሰብስበው አንዲት ሴት ጣል የምትደረግበትን ልማድ "የስመርፌት መርሕ" ብላዋለች። ስያሜውን የወሰደችው ከሰማያዊዎቹ ስመርፎች መንደር ብቸኛ ሴት ነው።

የእኛንም ቀልድ ብትፈትሹት ያው ነው። የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታ ያልሰማ ልጅ ጥቂት ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ባለቤታቸው ማዘንጊያ አለች። ትጠይቃለች፣ ትቆጣለች፣ ወጥ ታቀርባለች። ሰው የሚስቅበትን ቃል የሚናገሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ አለቃ ናቸው። ማዘንጊያ ባትኖር ብዙው ቀልድ አይቆምም፤ ሳቁ የሚመዘገበው ግን በአለቃ ስም ነው።

ሴቶች ብቻ ያሉበት ክፍል ለማን ተሠራ?

"እንግዲያው ሴቶች የሚበዙበትን እናሳያቸው" ትሉ ይሆናል። አለ፤ ብዙም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው "አዙማንጋ ዳዮ" በስድስት የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። በ2009 የመጣው "ኬ-ኦን" ደግሞ በትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ሆነው ከመለማመድ ይልቅ ሻይና ኬክ የሚያበዙ ሴት ልጆች ታሪክ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ስለምገኝ፣ ማንኛውንም ዕቃ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው "ገዢው ማን ነው?" ብዬ ነው። በጃፓን ብዙው አኒሜ የሚሠራው ቀድሞ በመጽሔት ከታተመ ኮሚክ ነው። መጽሔቶቹ ደግሞ በገዢው ዕድሜና ጾታ የተከፋፈሉ ናቸው፤ የወንድ ልጆች፣ የሴት ልጆች፣ የጎልማሳ ወንዶች፣ የሴቶች እየተባሉ ይሸጣሉ። "አዙማንጋ ዳዮ"ም "ኬ-ኦን"ም የወጡት በዋነኛነት ወንዶች በሚያነቧቸው መጽሔቶች ላይ ነው። በሴት ልጆች የተሞላው ክፍል መጀመሪያ የታሰበው ለወንድ ገዢ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ መጥፎ ናቸው ማለት ነው? አይደለም። "ኬ-ኦን"ን ዳይሬክት ያደረገችው ናኦኮ ያማዳ የተባለች ሴት ናት፤ ልጆቹን የዓይን ማረፊያ አሻንጉሊት አድርጋ አላቀረበቻቸውም። ነገር ግን ስለ ቁጥር አንድ ትምህርት ይሰጠናል፦ የሴቶች መብዛት ብቻውን ፕሮግራሙ ለሴት ልጅ የተሠራ መሆኑን አያሳይም። ተቃራኒውም አለ። "ክሮማርቲ" (2003) እና "የወንድ ተማሪዎች የዕለት ኑሮ" (2012) በወንዶች የተሞሉ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ሁለተኛው የሚስቀው ሴት ልጅን ማናገር በማይችሉት በራሳቸው በወንዶቹ ላይ ነው።

ቁጥሩ ሳይሆን ሚናው

የጃፓን ኮሜዲ ሁለት የታወቁ ሚናዎች አሉት። አንዱ የቂል ነገር የሚናገረውና የሚያጠፋው "ቦኬ" ነው፤ ሌላው "ምን እያልክ ነው?" ብሎ የሚያርመው "ጹኮሚ"። በብዙ ኮሜዲ ወንዱ ሲሳሳት ሴቷ ትቆጣለች፤ እሷ አራሚ ብቻ ሆና ትቀራለች። እናት ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ተቆጪ፣ አባት ሁልጊዜ አጫዋች ሲሆን የሚሰማንን ስሜት አስቡት።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው "ኒቺጆው" ይህን ሰብሯል። ዩኮ፣ ሚዮና ማይ የተባሉት ሦስት ተማሪዎች ይወድቃሉ፣ ይጮሃሉ፣ ይቀልዳሉ፣ እርስ በርስም ይተራረማሉ። ሁለቱም ሚናዎች የእነሱ ናቸው። ርእሰ መምህሩም አይቀርላቸውም፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ ከአጋዘን ጋር ትግል ይገጥማሉ።

በቁጥርም በሚናም የተመጣጠነውን ለሚፈልግ "ካጉያ-ሳማ" (2019) አለ። መጀመሪያ ላይ የተማሪዎች ምክር ቤቱ ሁለት ሴት ሁለት ወንድ ነው። ፕሬዚዳንቱና ምክትሏ ይዋደዳሉ፤ ሁለቱም ኩሩ ስለሆኑ "ቀድሞ የተናገረ ተሸነፈ" ብለው ይፋጠጣሉ። አንዴ እሱ ይዋረዳል፣ አንዴ እሷ። ይህኛው ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች እንጂ ለትንንሾቹ አይሆንም።

ለቦሩ ሜዳ ልጅ አንድ ብቻ ምረጪ ብባል ግን "ስኪፕ ኤንድ ሎፈር"ን (2023) እመርጣለሁ። ሚትሱሚ ከገጠር ወደ ቶኪዮ ለትምህርት የሄደች ልጅ ናት። ዕቅዷ ትልቅ ነው፤ ተምራ የመንግሥት ባለሥልጣን መሆንና ነዋሪው እየቀነሰ የሄደ የትውልድ መንደሯን መጥቀም። የትምህርት መክፈቻ ዕለት ግን መንገድ ይጠፋባታል፣ ትዘገያለች፣ መጨረሻ ላይ አስተማሪዋ ላይ ታስታውካለች። ጎበዝ ተማሪም ናት፣ ታስቃለችም፤ አንዱ ሌላውን አልከለከለውም። ጓደኛዋ ሺማም ወንድ ለመባል መሳደብና መደባደብ አላስፈለገውም። ከቦሩ ሜዳ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ለትምህርት የሄዳችሁ፣ ያቺን ልጅ ታውቋታላችሁ።

በእኛስ ቋንቋ?

የአገራችን የልጆች ፕሮግራም አባት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በወጣትነታቸው መድረክ ላይ ሴት ሆነው ተውነዋል። በዚያ ዘመን ሴት ተዋናይ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና። ኋላ ግን እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች መድረኩን የራሳቸው አደረጉት።

በልጆች ቴሌቪዥን ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር "ፀሐይ መማር ትወዳለች"ን ለኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አበረከተች። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ሴት ናት፤ ጠያቂ ናት፤ ትሳሳታለች፤ ትማራለች። የልጅ ጠያቂነት የወንድ ብቻ አለመሆኑን ያለ ስብከት አሳይታለች። ከዚሁ ቤት የወጣው "ጥበብ ገርልስ" ደግሞ ፍቅር፣ ፍትሕና ጥበብ የተባሉ ሦስት ልጃገረዶችን ጀግና አድርጎ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን የመሰሉ ጉዳዮች በድፍረት አንሥቷል።

የሚቀረን ሳቁ ነው። ጀግና ሴት ልጅ አግኝተናል፤ ትምህርት ቤት አርፍዳ ሰበብ የምትደረድር፣ የምታስቅ ሴት ልጅ ግን በአማርኛ ካርቱን ትናፍቀናለች። ቋንቋችን ራሱ የቀልድ ሀብት ነው። "ኦውራን" (2006) የተባለው ኮሜዲ ሃሩሂ የምትባል ተማሪ ውድ የአበባ ማስቀመጫ ሰብራ፣ ዕዳዋን ለመክፈል ወንድ መስላ በወንዶች ክበብ ስትሠራ ያሳያል። በአማርኛ ቢተረጎም "አንተ" ሲሏት ቆይተው ድንገት "አንቺ" የሚሉባት ቅጽበት ብቻውን ቤት ያፈርስ ነበር። በዚያው ላይ ጎበዝ ሴት ልጅን "ወንዳታ!" ብለን እያመሰገንን፣ የሚያለቅስ ወንድ ልጅን "ምን እንደ ሴት ትነፋረቃለህ" እያልን የምናሳድግ ሰዎች ነን። ካርቱኑን ከመውቀሳችን በፊት አፋችንን እንስማ።

ቤት ውስጥ የምትሞክሩት

መከልከል አያስፈልግም። አንድ ክፍል አብራችሁ ተቀምጣችሁ እዩና እነዚህን ጠይቁ፦

• ስማቸው የሚጠራ ሴቶች ስንት ናቸው? ወንዶችስ?

• ሁለት ሴቶች ስለ ወንድ ካልሆነ ነገር ያወራሉ? ይህ መለኪያ አሜሪካዊቷ የካርቱን ሠዓሊ አሊሰን ቤክደል እ.ኤ.አ. በ1985 በሥራዋ ካሰፈረችው የመጣ ነው።

• የሚያስቀው ማን ነው? የሚሳቅበትስ? ሴቷ የምታስቀው በነገሯ ነው ወይስ በሰውነቷ?

• ወንዱ ማዘን፣ መፍራት፣ ይቅርታ መጠየቅ ይችላል?

አራተኛውን እንዳትዘሉት። ወንድ ልጃችሁ "ይሄ የሴት ነው" ብሎ ቻናል ሲቀይር፣ ግማሹን የሰው ልጅ ታሪክ ሳያይ ሊያድግ ነው ማለት ነው። አጠገቡ ቁጭ በሉና ከሚትሱሚ ጋር አንድ ጊዜ አስቁት። በሴት ልጅ ቀልድ የሳቀ ልጅ፣ ነገ ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣም ይሰማታል።

ልጃገረዷም በጨዋታው ሰነፉን ተማሪ ልሁን ካለች፣ ትሁን። በጨዋታ መውደቅ የተፈቀደላት ልጅ፣ በእውነቱ ስትወድቅ መነሣትን አትፈራም።