«መሣሪያ» የሚለው ቃልና የኮምፒውተር ሙዚቃ ስያሜዎች

በአራዳ፣ ከምኒልክ አደባባይ አቅራቢያ የሚገኘው የሀገር ፍቅር ቴአትር፣ ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ክራርና ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ በመድረክ ላይ ከሚሰሙባቸው ስፍራዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። የነዚሁ መሣሪያዎች ድምፅ ዛሬ በኮምፒውተር አማካይነት ጭምር ይቀርባል። ቀደም ሲል ሙዚቀኛው ገበቴውን አንኳኩቶና ጅማቱን ስቦ ይመርጥ ነበር፤ በኮምፒውተር የሚሠራው ግን በቅድሚያ የሚያገኘው ስምንና መግለጫን ነው። ስለሆነም ስያሜው ከተሳሳተ ምርጫውም ሊሳሳት ይችላል።

የመጀመሪያው ችግር «መሣሪያ» ከሚለው ቃል ይነሣል። ቃሉ ለማረሻም፣ ለጠመንጃም፣ ለክራርም ያገለግላል። «የሶፍትዌር መሣሪያ» ቢባል፣ አንባቢው ሶፍትዌር ለማዘጋጀት የሚረዳ ነገር አድርጎ ሊተረጕመው ይችላል፤ «የ» የተባለው ምዕላድ ባለቤትነትን፣ ዓላማንና የተሠሩበትን ነገር ሳይለይ ያመለክታልና። በመሆኑም በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ሶፍትዌራዊ የሙዚቃ መሣሪያ»፣ ከዚያ በኋላ በአጭሩ «ሶፍትዌራዊ መሣሪያ» ማለት የተሻለ ይመስላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዓይነቶቹን መለየት ነው። ከእውነተኛ መሣሪያ የተቀዱ ድምፆችን መልሶ የሚያሰማውን «ናሙናዊ»፣ ድምፅን ከሞገድ አንሥቶ የሚፈጥረውን «ቅምር»፣ የጅማትንና የገበቴን ጠባይ በስሌት የሚከተለውን ደግሞ «አምሳያ» ልንለው እንችላለን። ልዩነቱ በተግባር ይታያል። ባለ 10 አውታሩ በገና የሚነዝር ድምፅ የሚሰጠው፣ አውታሮቹ በብርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ በሚገባው ቍራጭ ቆዳ ምክንያት ነው፤ ይህን ነዛሪነት በጥንቃቄ የተቀዳ ናሙና ሊይዘው ይችላል። በአንዲት የፈረስ ጭራ አውታር የሚዜመው ማሲንቆ ግን ጣት ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲንሸራተት ነው ለዛው የሚገኘው። አንድ በአንድ የተቀዱ ድምፆች ይህን መንሸራተት ይቈርጡታል። ስለዚህ ማሲንቆ የሚፈልግ ሰው «ናሙናዊ» የሚለውን ቃል ሲያይ፣ መሸጋገሪያዎቹም ተቀድተው እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

ሲንተሳይዘርን «አቀናባሪ» ብሎ መተርጐም የሚያስከትለውም ችግር አለ። «የሙዚቃ አቀናባሪ» ዜማን ለተለያዩ መሣሪያዎች የሚያደላድል ባለሙያ ስም ሆኖ ጸንቷል። ሰውንና መሣሪያን በአንድ ስም መጥራት ግርታን እንጂ ብልጽግናን አያመጣም። ስለዚህ ዕቃው በለመደው ስሙ «ሲንተሳይዘር» ቢባል፣ የአሠራር ዘዴው ደግሞ «ቅምር» ቢባል ይበቃል።

ሦስተኛው ጉዳይ የግሥ ምርጫ ነው። በአማርኛ በገና ይደረደራል፤ ዋሽንት ይነፋል፤ ከበሮ ይመታል። በኮምፒውተር ግን ሁሉም በአንድ የቁልፍ ሰሌዳ ይነካሉ። ተርጓሚው ለሁሉም «ተጫወተ» ቢል ያመቸዋል፤ ነገር ግን ቋንቋው በግሡ ጠብቆት የቈየው የአሠራር ልዩነት ይጠፋል። የትእዛዝ ቃሉ አጠቃላይ ሲሆን «አሰማ» ማለት፣ የአንድ መሣሪያ መግለጫ ሲሆን ግን የመሣሪያውን ግሥ መጠበቅ ይገባል።

በመጨረሻም «ቅኝት» የሚለውን ቃል እንመልከት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቅኝቶች ናቸው፤ አውታርን ማጥበቅና ማላላትም መቃኘት ይባላል። በፕሮግራሞች ውስጥ ግን የድምፆች ስብስብና የድምፅ ከፍታ ማስተካከያ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። ለመጀመሪያው «ቅኝት»፣ ለሁለተኛው «መቃኛ» ቢባል ሥሩ ሳይለያይ ፍቺው ይለያል። ይህም የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሚዲ የተባለው ሥርዓት ድምፆችን ከ0 እስከ 127 በቍጥር ይሰይማል፤ ብዙውን ጊዜም እነዚህ ቍጥሮች አንዱን ስምንተኛ ለ12 እኩል ክፍሎች በሚከፍለው አሠራር ይሰማሉ። በጆሮ የተቃኘ ክራር ግን ከዚህ እኩል ክፍፍል ሊወጣ ይችላል። «መቃኛ» የሌለው ሶፍትዌራዊ መሣሪያ የአንቺ ሆዬን ስም ቢይዝም፣ ደርዳሪው በጆሮው የሚያውቀውን ድምፅ ላይሰጠው ይችላል።

እነዚህ ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ ናቸው። መመዘኛቸው ግን አንድ ነው፤ ቃሉን ያነበበ ሙዚቀኛ ድምፁን ከመስማቱ በፊት ምን እንደሚጠብቀው ማወቅ አለበት።