ክረምትን የሚጠብቅ እንቁላል፦ የጣና ዓሦች አረባብ ዳሰሳ

ከጣና ወደ ገበያ የሚወጣው ዓሣ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው፦ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ሦስቱም በአንድ ሐይቅ ይኑሩ እንጂ አረባባቸው ለየቅል ነው። የቀረሶ እንስት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ዓመቱን ሙሉ ብትራባም በክረምት ትበረታለች። አምባዛ ውሃው ሞልቶ ዳርቻውን ሲያለብስ ወደዚያ ወጥቶ እንቁላሉን በሣር ላይ ይጥላል። ነጭ ዓሣ ዘንድ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ በርካታ ዝርያዎች ለመውለድ ሐይቁን ትተው ወንዝ ይወጣሉ።

ነጭ ዓሣ፣ በሳይንስ ስሙ ላቤዮባርበስ፣ በጣና ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው የጢስ አባይ ፏፏቴ ከታችኛው አባይ ዓሦች ለይቷቸው ኖሯል። ሆላንዳዊው ሌዮ ናጌልከርከ በ1997 እ.ኤ.አ. በዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ዝርያዎቹን በቅርጻቸውና በአመጋገባቸው ለይቶ ያሳየ መሠረታዊ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ማርቲን ደ ግራፍ፣ አበበ ጌታሁን፣ ዋሴ አንተነህና ሌሎችም ዓሦቹ መቼና የት እንደሚወልዱ አጥንተዋል። ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች እንደ ግልገል አባይ፣ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች እንደሚወጡ ታውቋል።

የሚወልዱበት ቀን የሚቆረጠው ግን ቀደም ብሎ፣ በእንስቷ ሆድ ውስጥ ነው። የአንጎል ሥር ዕጢ የሆነው ፒቱታሪ ሆርሞን ሲለቅ እንቁልጢው ኤስትሮጅን ያመነጫል፤ ጉበት ይህን ተቀብሎ ቫይቴሎጀኒን የተባለ ፕሮቲን ይሠራል፤ ደምም ፕሮቲኑን ወደ እንቁልጢው ያደርስና እንቁላሉ አስኳል ይሞላል። ሆዷ ተቀዶ ሲታይ የወጣቷ እንቁልጢ ቀጭንና ብርሃን የሚያሳልፍ ክር ነው። ቀጥሎ ፍሬዎቹ በዓይን መታየት ይጀምራሉ፤ ሲበስሉ ሆዱን ሞልተው ቢጫ ይሆናሉ። ለመውለድ በተዘጋጀችው ዓሣ ሆዷ በጣት ጫን ሲባል እንቁላሉ ይፈስሳል። ከወለደች በኋላ የሚቀረው የተሟሸሸና ደም የቋጠረ ከረጢት ነው። ተመራማሪዎች ይህን ሂደት በደረጃዎች ይከፍሉታል። የእንቁልጢውን ክብደትም ለሰውነቷ ክብደት አካፍለው በመቶኛ ያሰላሉ፤ አንድ ኪሎ በምትመዝን ዓሣ 50 ግራም እንቁልጢ ቢገኝ 5 በመቶ ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ድንገት የወደቀበት ወር የመውለጃው ወር ነው።

ለወንዝ ወጪዎቹ ነጭ ዓሦች ይህ ወር ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይውላል። መጀመሪያ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ሽቅብ ወጥተው ጥልቀት በሌለው፣ ንጹሕና ኦክስጅን በበዛበት ጠጠራማ ውሃ ላይ ይወልዳሉ።  ነጭ ዓሣ እንደ ቀረሶ እንቁላሏን አትጠብቅም፤ ጠጠሩ ላይ ጥላው ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ እንቁላሉን የሚጠብቀው የውሃው ንጽሕና ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎጃም ተዳፋት እርሻ የሚታጠበው አፈር ጠጠሩን ሲደፍን እንቁላሉ አየር ያጥረዋል። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ለ7,000 ሄክታር መስኖ ታስቦ ሲሠራ የላይኛውን ወንዝ መንገድ ለዓሣው ዘግቷል።

ዓሣው ለመውለድ መሰብሰቡ ለአጥማጁ ምቹ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና ከገባ ወዲህ የወንዝ አፎቹ ዋና ማጥመጃ ሆነዋል፤ ወንዙ ላይም በብርብራ ፍሬ ዱቄት ዓሣውን የሚያደነዝዙ አሉ። ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ወንዝ የሚወልዱት ነጭ ዓሦች ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት ዐሥር ዓመታት በክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ወሩም ቦታውም የታወቀ ነው። በመውለጃው ወቅት የወንዝ አፎቹን ከመረብ ነጻ ማድረግ፣ በላይኛው ተፋሰስም አፈሩን በእርከን መያዝ ይገባል። በነሐሴ እንቁላል የቋጠረችውን እንስት የሚያጠምድ ሰው የከርሞውን ዓሣ አብሮ እየሸጠ ነው።