ውሃ ከሆነ ለምን ይሸታል?
በውሃ የሚበጠበጥ ሬዚንና ጠረኑን የመቀነሻ መንገዶች

በኢሉባቦር፣ ከኖፓ እስከ መቱና ጎሬ ባሉት ከተሞች፣ ክረምቱ ረጅም ነው። በዓመት ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት ይህ አካባቢ መስከረም ከጠባም በኋላ ከደመናና ከእርጥበት ቶሎ አይላቀቅም። ግድግዳ የሚቀባው ግን ብዙ ጊዜ በዚሁ ወቅት ነው፤ የመማሪያ ክፍሉ ትምህርት ሳይጀመር፣ መኖሪያ ቤቱ ለመስቀል፣ የቡና መጋዘኑ ደግሞ ለቀማው ሳይደርስ መዘጋጀት አለበትና። ቀለሙ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ በሩን ስንከፍት የሚቀበለን ጠረን አፍንጫን ይሰነፍጣል፤ ዓይንን ያቃጥላል። ያን ጊዜ ቡና ይፈላል፤ ዕጣን ይጨሳል። ለጥቂት ሰዓት ደህና ይመስላል፤ በማግስቱ ግን ጠረኑ እዚያው ነው።

ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሽታ የለውም። ታዲያ የሚሸተው ምንድን ነው? እንዴትስ ሊቀነስ ይችላል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንመለከታለን።

ሬዚን ምንድን ነው?

ሬዚን ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰን ከዛፍ ቅርፊት የሚንጠባጠበው ሙጫ ነው፤ ዕጣንም የዚሁ ወገን ነው። ዛሬ በግድግዳ ቀለምና አናጺዎች ኮላ በሚሉት ነጭ ማጣበቂያ ውስጥ የምናገኘው ሬዚን ግን ሰው ሠራሽ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ክላተ እ.ኤ.አ. በ1912 ፖሊቪኒል አሲቴት የተባለውን አገኘ፤ ኮላ የሚሠራው በዋነኛነት ከዚሁ ነው። የአገሩ ልጅ ኸርማን ሽታውዲንገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920 እንዲህ ያሉ ነገሮች በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሠሯቸው ግዙፍ ሞለኪውሎች መሆናቸውን አስረዳ፤ በ1953ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ትንሹ ቀለበት ሞኖመር፣ ሰንሰለቱ ፖሊመር ይባላል።

ፖሊመሩ በውሃ አይሟሟም። እንደ ወተት ቅባት እጅግ በደቀቁ ቅንጣቶች ተበታትኖ በውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ኮላ እንደ ወተት የሚነጣው ቅንጣቶቹ ብርሃንን ስለሚበትኑ ነው። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፤ በመጨረሻም ተዋህደው አንድ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ኮላ ሲደርቅ ብርሃን የሚያስተላልፈው ስለዚህ ነው።

የጠረኑ ምንጮች

አንድ ነገር እንዲሸት ሞለኪውሎቹ ተንነው አፍንጫችን መድረስ አለባቸው። ፖሊመሩ ግዙፍ ስለሆነ አይተንም፤ ስለዚህም አይሸትም። የሚሸቱት ከእርሱ ጋር የቀሩት ትናንሾቹ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ከሰንሰለቱ ሳይገቡ የቀሩ ሞኖመሮች ናቸው። ቪኒል አሲቴት በ73 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላ ፈሳሽ በመሆኑ በቀላሉ ይተናል። ከውሃ ጋር ሲቆይም እየተፈረካከሰ የኮምጣጤን ሽታ የሚሰጠውን አሴቲክ አሲድና አሴታልዲሃይድን ያስገኛል። ለቀለም የሚውለው ቢውቲል አክሪሌት ከዚህ ይበልጥ ከባድ ጠረን አለው፤ ከሚሊዮን የአየር ክፍል አንድ እንኳ ሳይሞላ አፍንጫ ይለየዋል።

ሁለተኛው ምንጭ አሞንያ ነው። ቅንጣቶቹ እንዳይጓጉሉ ሬዚኑ ጥቂት አልካላይን እንዲሆን ይጨመርበታል፤ ዓይን የሚያስነባው በአብዛኛው እርሱ ነው። ሦስተኛው፣ ቅንጣቶቹ እንዲዋሃዱ የሚረዳው ዘገምተኛ ማለስለሻ ፈሳሽ ነው፤ ከደረቀው ሽፋን ውስጥ ቀስ እያለ ለቀናትና ለሳምንታት ይወጣል። አራተኛው ከፋብሪካው ሳይሆን ከእኛ የሚመጣ ነው። በወንዝ ወይም በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ የቀጠነ ቀለም ለሌላ ጊዜ ሲቀመጥ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድንም ሊያመነጭ ይችላል። ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ በንጹሕ ውሃ ማቅጠን ይህን ያስቀራል።

በፋብሪካ ምን ይደረጋል?

የመጀመሪያው ዘዴ ኬሚካዊ ነው። ሰንሰለቱ ሊጠናቀቅ ሲል አንድ ኦክሲጅን ሰጪና አንድ ኦክሲጅን ነሺ ቅመም በጥንድ ይጨመራሉ። ሁለቱ ሲገናኙ አዳዲስ ነጻ ራዲካሎች ይፈጠራሉ፤ የቀሩትንም ሞኖመሮች ወደ ሰንሰለቱ ያስገባሉ። ለዚህ ሥራ ከሚውሉት ነሺ ቅመሞች አንዱ አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ብርቱካን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ነው። ይሁንና ቅመሞቹ ራሳቸው ሲፈርሱ እንደ አሴቶን ያሉ ሌሎች የሚተኑ ነገሮችን ስለሚተዉ መጠናቸው በጥንቃቄ ይመጠናል።

ሁለተኛው ዘዴ አካላዊ ነው፤ አረቄ አውጪዎች የሚያውቁት መርሕ ይሠራበታል። ጠንሰስ ሲፈላ ቶሎ የሚተነው አልኮል ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፤ የማይተነው አተላ ይቀራል። በፋብሪካውም በሬዚኑ ውስጥ እንፋሎት ይነፋል፤ የጋኑም ግፊት ይቀነሳል። ያን ጊዜ ለብቻው በ145 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ቢውቲል አክሪሌት እንኳ ከ100 ዲግሪ በታች ከእንፋሎቱ ጋር ይነዳል፤ ፖሊመሩ ግን ባለበት ይቀራል። አሞንያም ብዙ በማይሸት ሌላ አልካላይን ሊተካ ይችላል። ከተኪዎቹ አንዱ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ነገር ግን አሞንያ ተንኖ ሲለቅ እርሱ በሽፋኑ ውስጥ ስለሚቀር ቀለሙ ውሃን የመቋቋም ኃይሉን ሊያሳንሰው ይችላል።

ትንሽ ስሌት

አምስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሆነ ክፍል እናስብ። 60 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 60,000 ሊትር አየር ይይዛል። በ10 ኪሎግራም ቀለም ተቀባ እንበል፤ በእያንዳንዱ ኪሎ 1 ግራም ቪኒል አሲቴት ቢቀር በጠቅላላው 10 ግራም ይሆናል። ይህ ሁሉ ቢተን 3 ሊትር ገደማ ጋዝ ነው፤ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 50 ማለት ነው። አፍንጫ ግን ከሚሊዮን አንድ ሳይሞላ ይለየዋል። ፋብሪካው ቅሪቱን ወደ አንድ አሥረኛ ቢያወርደው እንኳ 5 ይቀራል። ስለዚህ የቀረው ሥራ የመስኮቱ ነው።

የክፍሉን አየር የሚያህል ንጹሕ አየር ገብቶ ከነባሩ ጋር እየተደባለቀ ሲወጣ ከጋዙ 37 በመቶ ገደማ ይቀራል። ከ50 ወደ 1 ለመውረድ ይህ አራት ጊዜ፣ ከ5 ለመውረድ ግን ሁለት ጊዜ መደጋገም አለበት። ቅሪቱ በአንድ ጊዜ ስለማይተን፣ አየሩ መንሸራሸር ያለበት ለሰዓታት ሳይሆን ለቀናት ነው።

የኢሉባቦር ክረምት ሥራውን የሚያከብደው እዚህ ላይ ነው። አየሩ በእርጥበት ስለተሞላ ውሃው ቶሎ አይተንም፤ ዝናቡ ደግሞ መስኮት ያዘጋል። መፍትሔው ዝናቡ ጋብ ባለበት የቀን ሰዓት መቀባት፣ በአንድ ወፍራም ቅብ ፈንታ ሁለት ስስ ቅብ መጠቀም፣ ትይዩ መስኮቶችንም መክፈት ነው። ለማድረቅ ሲባል በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ፈጽሞ አይገባም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ይገድላልና።

አፍንጫን ምን ያህል እንመን?

ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ በክ የማሽተትን አሠራር በማብራራታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በሰው አፍንጫ 400 ገደማ ዓይነት ጠረን ተቀባዮች አሉ። እነዚህም ሆኑ አንጎላችን አንድ ጠረን ሲደጋገም ይላመዱታል። ቀለም ቀቢው ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ሽታው ለቀቀ» የሚለው ጋዙ ስለጠፋ ሳይሆን ስለለመደው ነው። ዕጣንም ጋዙን አያጠፋም፤ የራሱን ጭስ ጨምሮ ይሸፍነዋል እንጂ። የሚሸት ሁሉ መርዝ አይደለም፤ ሆኖም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 ቪኒል አሲቴትን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት መድቦታል። በተለይ ዘወትር በጠባብ ክፍል ከኮላ ጋር የሚውል አናጺ ይህን ልብ ሊል ይገባዋል።

ለአካባቢው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። የአረቢካ ቡና ፍሬ ከክብደቱ 15 በመቶ ገደማ ዘይት ነው፤ እነዚህ ተናኝ ሞለኪውሎችም በዘይት ይሟሟሉ። አዲስ በተቀባ መጋዘን የተከማቸ ቡና ጠረኑን ሊጠጣና በቅምሻ ጊዜ ባዕድ ሽታ ሊገኝበት ይችላል። የዓመት ልፋት በአንድ ሲኒ ይመዘናል፤ ስለዚህ መጋዘኑን ቡናው ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድሞ ቀብቶ ማናፈስ ይበጃል።

ጠረንን መሸፈንና ጠረንን መቀነስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚቀነሰው የሚተነው ሞለኪውል ሲቀነስ ነው፦ በፋብሪካ ወደ ሰንሰለቱ በማስገባት ወይም በእንፋሎት በማስወጣት፣ በቤት ደግሞ በንጹሕ አየርና በጊዜ። ዕጣኑ መስኮቱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ይጨስ።